የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የታዋቂነት መለኪያዎች

የታዋቂነት መለኪያዎች አንድን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ምን ያህል ሰው እንደሚያውቀው፣ እንደሚወደው ወይም እንደሚጠቀምበት ለመገመት የሚያገለግሉ ቁጥሮች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በጊትሃብ ላይ የሚሰጡ ኮከቦች፣ የማውረጃ ብዛት፣ የቅጂዎች (ፎርክ) ብዛትና የአስተዋፅዖ አድራጊዎች ቁጥር በብዛት ይጠቀሳሉ። ባለሙያዎች ሶፍትዌር ሲመርጡ ለእነዚህ ቁጥሮች ምን ያህል ክብደት መስጠት እንዳለባቸው ሲያከራክር ቆይቷል። አንደኛው ወገን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ስሕተቱ ቶሎ ይገኛል፣ የሚያውቀው ሰውም አይጠፋም ይላል። ሌላኛው ወገን ደግሞ ታዋቂነት ስለ ሶፍትዌሩ ጥራት፣ ደኅንነትም ሆነ ቀጣይነት በቀጥታ የሚናገረው ነገር የለም ሲል ይከራከራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የተለየ ትርጉም አለው። የአገሪቱ የጤና መረጃ ሥርዓትና የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ የተገነቡ ናቸው። ሁለቱም የተመሠረቱባቸው ሶፍትዌሮች በዓለም አቀፍ የታዋቂነት ደረጃዎች ላይ ከፊት የሚገኙ አይደሉም፤ ሆኖም የሚያገለግሉት ሕዝብ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው።

ትርጉምና ዓይነቶች

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት ምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ፈቃዱም መጠቀምን፣ ማሻሻልንና መልሶ ማሰራጨትን የሚፈቅድ ሶፍትዌር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሽያጭ ስለማይሰራጭ የሽያጭ ቁጥር አይኖረውም። በመሆኑም የተጠቃሚዎቹ ብዛት በሌሎች ምልክቶች አማካይነት ይገመታል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

* ኮከብ፦ አንድ የጊትሃብ ተጠቃሚ ፕሮጀክቱን እንደወደደው ለማሳየት ወይም በኋላ ተመልሶ ለማየት የሚጫነው ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ከተሰጠ፣ ሰጪው ራሱ ካላነሣው በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ስለዚህ ከዓመታት በፊት የተተወ ፕሮጀክትም የቀድሞ ኮከቦቹን እንደያዘ ይቆያል።
* የማውረጃ ብዛት፦ እንደ ኤንፒኤም እና ፓይፒአይ ያሉ የፓኬጅ ማከማቻዎች አንድ ፓኬጅ ስንት ጊዜ እንደወረደ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ሶፍትዌርን በራሳቸው የሚገነቡና የሚፈትኑ ማሽኖችንም ይጨምራል።
* ቅጂ ወይም ፎርክ፦ ኮዱን ወደ ራሳቸው ማኅደር የገለበጡ ሰዎች ቁጥር ነው።
* አስተዋፅዖ አድራጊዎች፦ ቢያንስ አንድ ለውጥ ያስገቡ ሰዎች ብዛት ነው።
* ጥገኞች፦ ሶፍትዌሩን እንደ ግብዓት የሚጠቀሙ የሌሎች ፕሮጀክቶች ቁጥር ነው።
* የደረጃ ሰንጠረዦች፦ የፕሮግራም ቋንቋዎችን የሚያወዳድረው ቲዮቢ፣ የመረጃ ቋቶችን የሚያወዳድረው ዲቢ-ኤንጂንስ እና የሊነክስ ስርጭቶችን የሚዘረዝረው ዲስትሮዎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

እነዚህ መለኪያዎች የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው። ኮከብ የሚያሳየው ትኩረትን ሲሆን ማውረድ እንቅስቃሴን፣ ጥገኝነት ደግሞ አጠቃቀምን ያመለክታል። ሁሉንም "ታዋቂነት" በሚል አንድ ቃል መጥራት ብዙ ጊዜ ለተሳሳተ ድምዳሜ ይዳርጋል። ለምሳሌ የዲስትሮዎች ደረጃ የሚወጣው በገጹ ላይ ስለ እያንዳንዱ ስርጭት የቀረበው መረጃ ስንት ጊዜ እንደታየ በመቁጠር ነው፤ ስርጭቱ በስንት ኮምፒውተር ላይ እንደተጫነ አይናገርም።

ታሪክ

"ክፍት ምንጭ" የሚለው ስያሜ ጥቅም ላይ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በቀጣዩ ዓመት ሥራ የጀመረው ሶርስፎርጅ የፕሮጀክቶችን የማውረጃ ብዛት ለሕዝብ በማሳየት ቁጥሮቹን የመምረጫ መስፈርት እንዲሆኑ አድርጓል። የዴቢያን ስርጭት በበኩሉ ፈቃደኛ ተጠቃሚዎች በየኮምፒውተራቸው ላይ የተጫኑትን ፓኬጆች ዝርዝር የሚልኩበት ዘዴ ዘርግቷል። ጊትሃብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን ኮከብ ዛሬ ያለውን ትርጉም የያዘው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት አንድን ፕሮጀክት መከታተልና መውደድ በአንድ ምልክት ይገለጹ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የኮከብ ቁጥር በሥራ ማመልከቻዎች፣ በባለሀብቶች ውሳኔና በድርጅቶች የሶፍትዌር ምርጫ ላይ ተጽዕኖ እያሳደረ መጥቷል።

ባለሙያዎች ቁጥሮቹን ስለመጠቀማቸው

በዚህ ረገድ በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 በብራዚላውያኑ ተመራማሪዎች ሁድሰን ቦርጅስ እና ማርኮ ቱሊዮ ቫለንቴ የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ 791 ሶፍትዌር አበልጻጊዎችን የጠየቁ ሲሆን ከአራቱ ሦስቱ አንድን ፕሮጀክት ለመጠቀም ወይም በልማቱ ለመሳተፍ ከመወሰናቸው በፊት የኮከቦቹን ብዛት እንደሚመለከቱ ተናግረዋል። ኮከብ የሚሰጡበትን ምክንያት ሲጠየቁ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አድናቆታቸውን ለመግለጽ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ገጹን ለማስታወስ መሆኑን ገልጸዋል። ሶፍትዌሩን ስለሚጠቀሙበት እንደሆነ የተናገሩት ከእነዚህ ያነሱ ነበሩ። ይህ ማለት ኮከብ ሰጪው "ይህን አየሁት" ሲል ኮከብ ቆጣሪው "ይህ ተፈትኗል" ብሎ ሊረዳው ይችላል ማለት ነው።

ለታዋቂነት የሚቀርቡ መከራከሪያዎች

ታዋቂነትን እንደ መስፈርት መጠቀም ሙሉ በሙሉ መሠረት የሌለው አይደለም። የሚቀርቡት ዋና ዋና ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦

1. የሰው ኃይል፦ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ሶፍትዌር የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ማግኘት ይቀላል። ሥርዓቱን የዘረጋው ሰው ሥራ ቢቀይር ተተኪው ከዜሮ አይጀምርም። አንድ ወይም ሁለት የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ ባላቸው የወረዳ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ይህ ከሁሉም በላይ ወሳኝ ሊሆን ይችላል።
2. መማሪያና መፍትሔ፦ ለታዋቂ ሶፍትዌር መጻሕፍት፣ ቪዲዮዎችና የተመለሱ ጥያቄዎች በብዛት ይገኛሉ።
3. የስሕተቶች መገኘት፦ ብዙ ተጠቃሚ በተለያየ ሁኔታ ሲጠቀምበት የተደበቁ ስሕተቶች የመታየት ዕድላቸው ይጨምራል።
4. ተጓዳኝ መሣሪያዎች፦ ተጨማሪ ክፍሎች፣ ትርጉሞችና ከሌሎች ሥርዓቶች ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎች የሚሠሩት በቅድሚያ ለታዋቂዎቹ ነው።

ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩበት ዎርድፕረስ ለእነዚህ ጥቅሞች ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያው ልክ ግን ብዙ ድረ ገጾች ስለሚጠቀሙበት አጥቂዎችም ዘወትር ክፍተት የሚፈልጉበት ሶፍትዌር ሆኗል።

ታዋቂነት ያልጠቆማቸው ችግሮች

ኸርትብሊድ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጢር መጠበቂያ ላይብረሪ ውስጥ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ተገኘ። ላይብረሪውን በዓለም ላይ ያሉ እጅግ ብዙ የድር አገልጋዮች ይጠቀሙበት ነበር። ይሁን እንጂ በሙሉ ጊዜው የሚሠራበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፕሮጀክቱ በዓመት የሚያገኘው ልገሳም ወደ 2 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የተጠቃሚው ብዛት የተንከባካቢ ብዛት ማለት እንዳልሆነ ይህ ክስተት በግልጽ አሳይቷል።

ሌፍት-ፓድ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ አበልጻጊ በስም ይገባኛል ውዝግብ ምክንያት ፓኬጆቹን ከኤንፒኤም አነሣ። ከእነዚህ አንዱ 11 መስመር ኮድ ብቻ የነበረው ሌፍት-ፓድ ነው። በቀጥታ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ቢሆንም በሌሎች ፓኬጆች በኩል እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች ይደገፉበት ስለነበር፣ በዓለም ዙሪያ በርካታ ሶፍትዌሮችን መገንባት ለሰዓታት ተስተጓጎለ።

ኢቨንት-ስትሪም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሳምንት ወደ 2 ሚሊዮን ጊዜ ይወርድ የነበረ የኤንፒኤም ፓኬጅ ባለቤት፣ ፕሮጀክቱን መንከባከብ ስላቆመ ላስተዳድረው ላለው የማያውቀው ሰው አስረከበ። አዲሱ አስተዳዳሪ የዲጂታል ገንዘብ ለመስረቅ የታሰበ ኮድ እንዲገባ አደረገ። የማውረጃው ቁጥር በባለቤትነቱ ላይ የደረሰውን ለውጥ አላሳየም።

ኤክስዜድ። እ.ኤ.አ. በ2024 በአብዛኞቹ የሊነክስ ስርጭቶች ውስጥ በሚገኘው የፋይል ማመቂያ መሣሪያ ላይ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር ተገኘ። ያስገባው ሰው በአንድ በጎ ፈቃደኛ ብቻ ይንከባከብ በነበረው ፕሮጀክት ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ በመሥራት እምነት አትርፎ ነበር። ችግሩን ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ መነሻው ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የመገናኛው ሂደት በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱን ማስተዋሉ ነው።

ኤስኪዩላይት። ይህ ምሳሌ ከቀደሙት ተቃራኒ ነው። ኤስኪዩላይት በሁሉም የአንድሮይድና የአይፎን ስልኮች ውስጥ የሚገኝ የመረጃ ቋት ነው። በጥቂት ሰዎች የሚበለጽግ ሲሆን ከውጭ የሚመጣ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም፤ ዋና ማኅደሩም በጊትሃብ ላይ አይደለም። በአስተዋፅዖ አድራጊዎች ቁጥር ብቻ ቢመዘን ደካማ ፕሮጀክት ይመስላል። በፍተሻው ጥልቀትና በረጅም ዘመን አስተማማኝነቱ ግን ከዓለም ምርጦቹ ተርታ ይሰለፋል።

የሐሰት ኮከቦችና የጉድሃርት ሕግ

የብሪታንያው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረበው ሐሳብ በኋላ "አንድ መለኪያ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያነቱን ያጣል" በሚል አጭር አገላለጽ ታዋቂ ሆኗል። የኮከብ ቁጥር ለዚህ ሕግ ጥሩ ማሳያ ነው። ኮከብ ገንዘብ፣ ሥራና ተሰሚነት ማስገኘት ሲጀምር ኮከብ የሚሸጡ ሰዎች መጡ። በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረጉት ጥናት በጊትሃብ ላይ ሐሰተኛ ናቸው ተብለው የተጠረጠሩ ሚሊዮኖች ኮከቦች ለይተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሰጡት ጎጂ ኮድ ለያዙና ለአጭር ጊዜ ለቆዩ ማኅደሮች ነበር።

የማውረጃ ቁጥርም እንዲሁ ሊጋነን ይችላል። አንድ ድርጅት ሶፍትዌሩን በቀን መቶ ጊዜ እንደገና የሚገነባ ማሽን ካለው፣ ቁጥሩ መቶ ተጠቃሚ ያለ ያስመስለዋል።

በኢትዮጵያ

የጤና መረጃ ሥርዓት

ዲኤችአይኤስ2 የጤና ተቋማትን ወርኃዊና ሌሎች ሪፖርቶች ለመሰብሰብና ለመተንተን የሚያገለግል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ፕሮጀክት ሲሆን ልማቱ የሚመራው በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የቀድሞውን ሥርዓት በመተካት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውሎታል።

በጊትሃብ የኮከብ ቁጥር ቢመዘን ዲኤችአይኤስ2 ከታወቁት የድረ ገጽ መሥሪያዎች ጋር ለንጽጽር እንኳ አይቀርብም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮከብ የሚሰጡት አበልጻጊዎች ሲሆኑ የዲኤችአይኤስ2 ተጠቃሚዎች ግን የጤና መረጃ ሠራተኞች፣ ነርሶችና የጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ናቸው። አብዛኞቹ የጊትሃብ መለያ የላቸውም።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ ትርጉም ያላቸው ሌሎች ባሕርያት ነበሩ። ሶፍትዌሩ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይደግፋል። 13 ወር ባለው የዘመን አቆጣጠርና ሐምሌ 1 በሚጀምር የበጀት ዓመት ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ሪፖርቱ የሚጠቃለለው በዚሁ ነውና። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው በርካታ የአፍሪካና የእስያ አገሮች መጠቀማቸው፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በትምህርትና በምርምር ግንኙነት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን መኖራቸው እንዲሁም መረጃው በአገር ውስጥ አገልጋይ ላይ ሊቀመጥ መቻሉም የሚጠቀሱ ናቸው።

ፋይዳና ሞሲፕ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም የሚሰጠው ፋይዳ፣ ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ መድረክ ላይ የተገነባ ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ሲሆን ሞሮኮና ፊሊፒንስ ከቀዳሚዎቹ ተጠቃሚ አገሮች መካከል ናቸው። ፋይዳ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል በመመዝገብ ለእያንዳንዱ ነዋሪ የማይደገም ባለ12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ሥርዓቱ ሕጋዊ መሠረት ያገኘው በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው።

እንደ ሞሲፕ ያለ ሶፍትዌር በባሕርዩ ብዙ ኮከብ ሊያገኝ አይችልም። ብሔራዊ መታወቂያ የሚገነቡ ድርጅቶች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ አንድ ተማሪ ለቤት ሥራው የሚያወርደው ነገርም አይደለም። በዚህ ዓይነት ምርጫ የሚመዘኑት ፈቃዱ አገሪቱን በአንድ ሻጭ ላይ ጥገኛ የማያደርግ መሆኑ፣ የጣት አሻራ መቀበያዎችን ከተለያዩ አምራቾች መግዛት መቻሉ፣ የደኅንነት ምርመራ ታሪኩ እና የሕዝብ ብዛቱን የመሸከም አቅሙ ናቸው። ስሕተት ቢፈጠር የሚጎዳው ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ወይም አገልግሎት ለማግኘት የተሰለፈው ዜጋ ነው።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የሚወጣው ትምህርት ታዋቂነት ዋጋ የለውም የሚል አይደለም። በሁለቱም ላይ የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ከባድ ማስረጃ ነበር። ልዩነቱ የሚቆጠረው ማን ነው በሚለው ላይ ነው፤ የሥራ ጠባያቸው ተመሳሳይ የሆነ አምስት ተቋማት ከሃምሳ ሺህ አድናቂዎች የበለጠ ይናገራሉ።

የግዕዝ ፊደል

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ዘመናዊ ሶፍትዌር ፊደሉን ማሳየት ይችላል። ማሳየት ግን መደገፍ ማለት አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። "ፀሐይ" ተብሎ የተመዘገበን ቃል "ጸሀይ" ብሎ የፈለገ ሰው በአብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ምንም ውጤት አያገኝም። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኮከቦች ያሉት ሶፍትዌርም ከዚህ ችግር ነፃ ላይሆን ይችላል፤ ኮከብ ከሰጡት ብዙዎቹ በአማርኛ ፈልገው አያውቁምና።

በተቃራኒው አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ በታዋቂነት ሰንጠረዦች ላይ ስሙ አይነሣም። ሆኖም በክፍት ፈቃድ የሚሰራጭና በሊነክስ ስርጭቶች ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ በርካታ ሰዎች ስሙን ሳያውቁ አማርኛ ያነቡበታል።

ግንኙነት በሚቆራረጥባቸው አካባቢዎች

የማውረጃ ቁጥር የሚያንፀባርቀው በቂ ኢንተርኔት ያለውን ዓለም ነው። በደቡብ ወሎ ዞን የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ደጎሎ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች አንድ ሶፍትዌር አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ዲስክ ወደ ብዙ ኮምፒውተሮች ሊገለበጥ ይችላል። በማከማቻው ቆጠራ ይህ ሁሉ አጠቃቀም አንድ ማውረድ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ሁልጊዜ ዝቅተኛ አጠቃቀምን አያመለክትም።

በአንጻሩ ታዋቂ የሆኑ አዳዲስ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ ዘወትር ከኢንተርኔት ጋር መገናኘትን እንደ ቀላል ነገር ይወስዳሉ። ሲጫኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥገኛ ፓኬጆችን ያወርዳሉ፣ ፊደላቸውንና ካርታቸውን ከሩቅ አገልጋይ ይጠራሉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው፣ ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መረጃን በአካባቢው ይዞ ቆይቶ በኋላ የሚያመሳስል ሶፍትዌር ሥራውን ይቀጥላል። ከመስመር ውጭ መሥራት የማይችለው ግን ኮከቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ይቆማል።

የባለሙያ ግምገማ መስፈርቶች

ከታዋቂነት ይልቅ የፕሮጀክትን ጤንነት ለመለካት የተለያዩ ጥረቶች ተደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር የተቋቋመው ካዎስ የክፍት ምንጭ ማኅበረሰቦችን ጤንነት የሚያሳዩ መለኪያዎችን ያዘጋጃል። የክፍት ምንጭ ደኅንነት ፋውንዴሽን ደግሞ ስኮርካርድ በተባለ መሣሪያ ለፕሮጀክቶች ከ0 እስከ 10 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል፤ መሣሪያው ኮዱ በሁለተኛ ሰው መገምገሙን፣ ፍተሻ መኖሩንና የደኅንነት መመሪያ መዘጋጀቱን ይመለከታል።

በተግባር አንድ ገምጋሚ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በየተራ ሊመልስ ይችላል፦

1. ፈቃዱ ምን ይላል? ፈቃዱ ሊለወጥ እንደሚችልም መታወስ አለበት። ቴራፎርም እ.ኤ.አ. በ2023፣ ሬዲስ ደግሞ በ2024 የክፍት ምንጭ ፈቃዳቸውን በሌላ ቀይረው ነበር። ሁለቱም በወቅቱ እጅግ ታዋቂ ነበሩ።
2. የመጨረሻው እትም መቼ ወጣ? አንድ ዓመት ያለ ለውጥ መቆየት ሁልጊዜ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ የተጠናቀቀ ትንሽ መሣሪያ ለውጥ ላያስፈልገው ይችላል። ያልተመለሱ የደኅንነት ሪፖርቶች ካሉ ግን አሳሳቢ ነው።
3. ስንት ሰው ነው የሚንከባከበው? ዋናው አበልጻጊ ነገ ቢተወው ሥራውን የሚቀጥል ሰው መኖር አለበት።
4. የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? የቀድሞ ክፍተቶች የተዘጉበት ፍጥነት ከኮከብ ብዛት የተሻለ መረጃ ነው። ምንም ክፍተት ተመዝግቦበት የማያውቅ ሶፍትዌር ያልተመረመረ ሊሆን ይችላል።
5. መረጃን ማውጣት ይቻላል? ነገ ሶፍትዌሩን መተው ቢያስፈልግ መዝገቡን በሌላ ሥርዓት በሚነበብ ቅርጽ ማውጣት መቻል አለበት።
6. ለአገሩ ሁኔታ ይስማማል? የፊደል፣ የዘመን አቆጣጠር፣ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት መቆራረጥ ጥያቄዎች እዚህ ይገባሉ።
7. ማን ይጠቀምበታል? ታዋቂነት በዚህ ደረጃ ጠቃሚ ጥያቄ ይሆናል፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ፣ ተመሳሳይ አቅም ያላቸውና ሊጠየቁ የሚችሉ ተጠቃሚዎች አሉ ወይ?

ማብራሪያ በምሳሌ

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለቤተ መጻሕፍቱ ሶፍትዌር ሊመርጥ ነው እንበል። አንደኛው አማራጭ በዘመናዊ የድረ ገጽ ቴክኖሎጂ የተሠራ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮከቦች ያሉት፣ ሁለት ዓመት የሆነው ፕሮጀክት ነው። ሁለተኛው ኮሃ ነው። ኮሃ በኒውዚላንድ ለአንድ የገጠር ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ተሠርቶ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ማኅበረሰቡ ዋና ማኅደሩንና የስሕተት መዝገቡን የሚያስተዳድረው በራሱ አገልጋዮች ላይ ስለሆነ፣ በጊትሃብ ላይ ያለው የኮከብ ቁጥር ትክክለኛ ይዞታውን አያሳይም።

ገምጋሚው ኮከብ ብቻ ቢቆጥር የመጀመሪያውን ይመርጣል። ጥያቄዎቹን በተራ ቢያነሣ ግን ሌላ ሥዕል ያያል። ኮሃ በዓለም አቀፍ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ደረጃ ስለሚሠራ መዝገቡ ወደ ሌላ ሥርዓት ሊዛወር ይችላል። በትምህርት ቤቱ የውስጥ መረብ ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይችላል። የረጅም ዘመን የእትም ታሪክ አለው። በሌላ በኩል አጫጫኑ የሊነክስ ዕውቀት ይጠይቃል፤ ያንን የሚችል ሰው በአቅራቢያ ከሌለ ትልቅ ድክመት ነው። እዚህ ላይ መቅደላ አምባን የመሰለ በአካባቢው ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሶፍትዌሩን ያውቁት እንደሆነ መጠየቅ ከማንኛውም ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ የበለጠ ይጠቅማል።

ከውሳኔው በፊት አጭር ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ሃያ መጻሕፍት መዝግቦ፣ ደራሲዎቹን በተለያየ የፊደል አጻጻፍ መፈለግ፤ የኢንተርኔት ገመዱን ነቅሎ መሥራቱን ማየት፤ ኤሌክትሪክ እንደጠፋ አስመስሎ ኮምፒውተሩን በድንገት ማጥፋትና መዝገቡ መኖሩን ማረጋገጥ፤ በመጨረሻም መዝገቡን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር መክፈት። ሙከራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ብዙ ሺህ መጻሕፍት ከተመዘገቡ በኋላ ሶፍትዌር መቀየር ግን የወራት ሥራ ሊጠይቅ ይችላል።

የአማራጭ መለኪያዎች ገደብ

ከታዋቂነት ውጭ ያሉት መለኪያዎችም ገደብ አላቸው። ስኮርካርድ የሚለካው የሥራ ሥርዓትን እንጂ የሰዎችን ቅንነት አይደለም፤ የኤክስዜድ ጥቃት የተፈጸመው ለረጅም ጊዜ መልካም ሥራ ሲሠራ በታየ ሰው ነው። የአስተዳዳሪዎች ብዛት ሲቆጠርም በስም ያሉና በሥራ ያሉ ሊደባለቁ ይችላሉ። ጥልቅ ግምገማ ጊዜና ባለሙያ ይጠይቃል፤ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ጥገኛ ፓኬጆች ሁሉ ማድረግ ከብዙ ተቋማት አቅም በላይ ነው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ባለሙያዎች ታዋቂነትን እንደ መነሻ ወንፊት ይጠቀሙበታል፤ ከብዙ አማራጮች ጥቂቶቹን ለመለየት ይረዳልና። ይህም ሲሆን ወንፊቱ ሊጥላቸው የሚችሉትን፣ ማለትም ለጥቂት ተቋማት የተሠሩ፣ ከጊትሃብ ውጭ የሚኖሩ ወይም ተጠቃሚዎቻቸው አበልጻጊ ያልሆኑ ሶፍትዌሮችን፣ በሥራው ዘርፍ ያሉ ሰዎችን ጠይቆ መልሶ ማስገባት ያስፈልጋል። የሰው ጤና፣ ማንነት ወይም ገንዘብ የሚመዘገብበት ሥርዓት ከሆነ ግን በታዋቂነት የተመረጠው ሶፍትዌርም ቢሆን ከላይ በተዘረዘሩት መስፈርቶች ሳይፈተን ሥራ ላይ መዋል የለበትም።